ውሻው ያልተቀበለው መልስ

አህያ፣ ውሻና ፍየል በአንድ ታክሲ ተሳፈሩ ይባላል። አህያዋ ስትወርድ ሒሳቧን ሳታጓድል ከፈለች። ውሻው ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን ሲጠብቅ ታክሲው ጥሎት ተፈተለከ። ፍየሏ ደግሞ ገና በሩ ሲከፈት ዘላ ወርዳ ሳትከፍል ተሰወረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አህያ መንገድ መሐል ቆማ ጡሩምባ ቢነፋባት ንቅንቅ አትልም፤ ዕዳ የለባትማ! ውሻ መኪና ባየ ቁጥር «መልሴን!» እያለ እየጮኸ ይከተላል። ፍየል ግን የሞተር ድምፅ ስትሰማ እግሬ አውጪኝ ትላለች።

ይህን ጨዋታ የማያውቅ አዲስ አበቤ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ታክሲ ውስጥ ሰምተነዋል፤ ድንኳን ሥር አውርተነዋል፤ ልጆቻችንን አስተኝተንበታል። ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ከጨዋታነት አለፈብኝ። ፉሪ በሚገኘው ቤታችን ዝናቡን ሸሽተን በተቀመጥንበት አንድ ከሰዓት፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልገው የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና አለና፣

«ጋሼ፣ ይህን የአህያና የታክሲ ተረት ለምን ካርቱን አናደርገውም?» አለኝ።

«ከእኔና ካንተ ማን ሥዕል ያውቃል?» ብለው፣

«ማወቅ አያስፈልግም» አለ። «የሚፈልጉትን ይነግሩታል፤ እሱ ይሠራዋል።»

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች «ማወቅ አያስፈልግም» የምትል ቃል ናት።

እርሱ የሚለው ዛሬ ወጣቱ ሁሉ በስልኩ የሚያያቸውን የአንድና የሁለት ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ነው። ካሜራ የለ፣ ተዋናይ የለ፣ ብሩሽ የለ። ታሪኩን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ለኮምፒውተሩ ይጽፉለታል፤ እርሱ ሥዕሉን ሠርቶ፣ ሥዕሉንም አንቀሳቅሶ፣ አንዳንዱማ ድምፅ ጨምሮበት ያቀርባል። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚባለው ነገር አንዱ ትሩፋት መሆኑ ነው። ሥዕል የሚያመነጩት መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በሰፊው ሕዝብ እጅ ገቡ፤ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሱት ደግሞ በ2023ና በ2024 ተከታትለው መጡ። ልጁ ለዚህ እንግዳ አይደለም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ አንድ ነገር ስጀምር ከየት እንደመጣ ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ እርሱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድን።

መጀመሪያ ስለ ተረቱ። ተረት ሁሉ ከጥንት የመጣ ይመስለናል። ይህ ግን ሊሆን አይችልም። አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የታክሲ ሒሳብና የመልስ ጭቅጭቅ ደግሞ ከዚያ በኋላ። ስለዚህ ይህ ከጎማና ከነዳጅ ጋር የተወለደ ተረት ነው። የእኛ ብቻም አይደለም፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አህያው፣ ውሻውና ፍየሉ በየአገሩ አውቶቡስ ተሳፍረው ይነገራል። የገጠር እንስሳና የከተማ መኪና በተገናኙበት ሁሉ ሰው ይህን ሳቅ አግኝቶታል ማለት ነው። ፉሪ ለዚህ ከማንም ሰፈር ይበልጥ ይመቻል። ስሙን ያገኘው አዲስ አበባን ከከበቧት ተራሮች አንዱ ከሆነው፣ እንጦጦ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ማዶ ከሚታየው ከፉሪ ተራራ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር የአዲስ አበባ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ይባላል። ከዚያ ከባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቁ፣ እህል ወደ ወፍጮ የተጫኑ አህዮች አስፋልቱን ይዘው ቆመው ሚኒባሱ ጡሩምባውን ሲያምባርቅባቸው በየቀኑ አያለሁ። ውሾቹም አይጠፉም።

ተንቀሳቃሽ ሥዕልስ? እርሱም ለከተማችን የመኪናው እኩያ ነው ማለት ይቻላል። የፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ገንዘብ አስከፍለው ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነበር። የዓድዋ ድል ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። (ካሜራው ትንሽ ቀድሞ ተፈልስፎ፣ ትንሽ ፈጥኖ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጭቻለሁ! ለዓድዋ ያለን ሥዕል ነው፤ ወደ ሥዕሉ እመለስበታለሁ።) ሲኒማው በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ የሚታይበትን አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» አለው። ቤቱ የነበረው ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በምንለው አካባቢ ነው። በዚህ ስም ብዙዎች ሲሥቁ ሰምቻለሁ፤ አያቶቻችን ኋላ ቀር ስለነበሩ ነው ይላሉ። እኔ እንዲህ አይታየኝም። ፓሪሶችም ባቡር ወደ እነርሱ ሲመጣ አይተው ከመቀመጫቸው ሸሹ ይባላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቢጠራጠሩትም ወሬው ግን መቶ ዓመት ኖረ። የሞተ ሰው ግድግዳ ላይ ሲሄድ ያየ ሰው ማን ነው ያንቀሳቀሰው ብሎ መጠየቁ ነውር የለበትም። «ሰይጣን ነው» የሚለው መልስ ቢያስቅም ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ለካርቱን ያ ጥያቄ ቀላል መልስ አለው፤ ያንቀሳቀሰው እጅ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.ኤ.አ. በ1908 ለሠራት ሁለት ደቂቃ ለማትሞላ ፊልም 700 ያህል ሥዕል ሣለ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ ቁርጥራጩን በመብራት ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያንፏቀቀች፣ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የቀዳችውን የልዑል አሕመድን ፊልም በ1926 አሳየች። በአህጉራችንም እጅ አልጠፋም። የግብፆቹ የፍሬንክል ወንድማማቾች ካርቱን ካይሮ ውስጥ በ1936 ታየ። የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን በ1966 እንቁራሪት ፕሬዚዳንት አድርጎ፣ ጎረቤት አገር ለጉብኝት ልኮ፣ በአዲሶቹ የአፍሪካ መሪዎች ላይ ሣቀ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ያውቁት የነበረው አንድ ነገር ነው። እንቅስቃሴ የሚባለው በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ናት፤ ያቺን ልዩነት የሚወስነውም ሠሪው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ፊልሙ ዘገየ፤ ካርቱኑ ደግሞ ከፊልሙም ይበልጥ ዘገየ። የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ወጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በቴሌቪዥኑ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት የነገሩን አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አርፈዋል። እሳቸው ሲተርቱ በድምፃቸው፣ በዓይናቸውና በእጃቸው ነበር። ጅቡንና ጥንቸሏን የምንሥለው እኛው በየራሳችን ነው። የጎረቤቴ ልጅ ጅብና የእኔ ጅብ እንደማይመሳሰሉ ያወቅነው አንድ ቀን በከሰል ግድግዳ ላይ ሥለን ተገርፈን ነው። ተረቱ ሲያልቅ ካርቱን ከመጣ ደግሞ የሚሮጡት አይጥና ድመት የማናውቀው ቤት ውስጥ፣ የማናውቀው ማቀዝቀዣ ሥር ነበር። ወደድናቸው እንጂ አልጠላናቸውም። ብቻ ካርቱን የሚባል ነገር አማርኛ ሊናገር ይችላል ብሎ ያሰበ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም።

አማርኛ እንዲናገር ከተደረገበት ጥረት ውስጥ ስሙ ቶሎ የሚነሣው የብሩክታዊት ጥጋቡና የባለቤቷ ሥራ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት። ብሩክታዊት መምህርት ነበረች። በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ከተሰጣቸው ወጣቶች አንዷ ሆነች፤ በኋላም ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ይዘው ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የካርቱን ተከታታይ አወጣች። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የራሱ ጽሑፍ የሚገባው ታሪክ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ስለ ተረታችን ስፈልግ ስፈልግ፣ ሥራው ቀድሞ ተሠርቶ አገኘሁት! አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ይህንኑ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2011 ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርጎታል። ርእሱ «ሒሳብ» ነው። የአሠራሩን ነገር ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። ዕዝራ በአንድ ሸራ ላይ ይሥላል፤ ፎቶ ያነሣል፤ በዚያው ሥዕል ላይ ደርቦ ቀጣዩን ይሥላል፤ ደግሞ ፎቶ ያነሣል። አዲሱ ሥዕል የፊተኛውን ይበላዋል። ፊልሙ ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው ያ አንዱ ሸራ ነው፤ አህያውም፣ ውሻውም፣ ታክሲውም ከሥር ተደራርበው የተቀበሩበት። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ለጊዜው ዝም አለና፣ «ስንት ወር ፈጅቶበት ይሆን?» አለ። ሥራ ፈላጊ ልጅ ነው፤ የሚያስበው በወር ነው። አልፈርድበትም።

ግን ወደ ኋላ መሄዴን ገና አልጨረስኩም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አባቴ በ1970ዎቹ ከፒያሳ ሥዕል መሸጫ የገዙት አንድ ሸራ ተሰቅሏል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። አንባቢ ሳያየው አይቀርም፤ ሸራው እንደ ቼዝ ሰሌዳ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ 44 ሳጥን፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ፊደል ይነበባል። ዘንዶው ሲገበርለት፣ መርዝ የበላችው ፍየል ስትሰጠው፣ ነጋዴው ታምሪን ከሰሎሞን ዘንድ ሲመለስ፣ ንግሥቲቱ ስትጓዝ፣ ቅመም የበዛበት ግብር ስትበላ፣ ሌሊት ውሃ ጠምቷት ስትነሣ፣ ምኒልክ ሲወለድ፣ ታቦቱ ሲመጣ። ከየሳጥኑ ሥር አንድ መስመር አማርኛ አለ። ይህ ዓይነቱ ሥዕል በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወደ አዲስ አበባ ገበያ የወጣ ነው፤ ከጀማሪዎቹ መካከል ስማቸው የሚነሣው ሠዓሊ በላቸው ይመር ናቸው። የአሜሪካ ካርቱን ሠሪዎች በ1930ዎቹ ፊልም ከመሥራታቸው በፊት ታሪኩን በሳጥን በሳጥን ሥለው ግድግዳ ላይ መደርደር ጀመሩ፤ እስከ ዛሬ ብዙ የፊልም ሥራ በዚህ ይጀምራል። የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ያንኑ ሥራ ለፊልም ሳይሆን ለግድግዳ ሠርተውታል። እንቅስቃሴ ብቻ ነው የጎደለው። እርሱንም የሚጨምረው ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄደው የተመልካች ዓይን ነው።

ስለ ዓይን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ባህል የሥዕል ሕግ አለ። ጻድቅ፣ ንጉሥ፣ ወዳጅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ጠላት፣ ሰይጣን፣ ከሓዲ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን። የዓድዋን ሥዕል ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ በአንድ ወገን የእኛ ሠራዊት በሁለት በሁለት ዓይኑ፣ ማዶ ጣሊያኖቹ በአንድ በአንድ ዓይን። አንድ ዓይን መጨመርና መቀነስ ፍርድ ነበር። ሠዓሊው እጁን ሲያነሣ የማንን ወገን እንደያዘ ይናገራል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ።

የመሣሪያው አሠራር ልጁ እንዳስረዳኝና እኔም አንብቤ እንዳረጋገጥሁት እንዲህ ነው። ድሮ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲዘጋ መስኮቱ ላይ የሚርመሰመሱትን ነጭና ጥቁር ነጥቦች ያስታውሷል? መሣሪያው የሚጀምረው ከዚያ ዓይነት ትርምስ ነው። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሥዕሎች በዚህ ትርምስ ሲበላሹና ሲጠሩ እንዲማር ተደርጓል። ከዚያ የጻፉለትን ቃል እየተመለከተ ትርምሱን ደረጃ በደረጃ ያጠራዋል፤ ቀስ በቀስ ውስጡ አህያ ይታያል። ለቪዲዮም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ብዙ ሥዕሎችን አንድ ላይ፣ እርስ በርሳቸው እንዳይጣሉ አድርጎ ያጠራል። ተአምር የሚመስለው ነገር ትምህርት ነው ማለት ነው። ጥያቄው ከማን ተማረ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጡት ታዋቂ ሥዕል አመንጪዎች አንዱ የተማረበት ላዮን የተባለው ክምችት 5.85 ቢሊዮን ሥዕሎችን ከነመግለጫቸው ከኢንተርኔት የለቀመ ነው። ከነዚያ ውስጥ 2.32 ቢሊዮኑ መግለጫቸው እንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ቋንቋ መሣሪያዎች ያነሡት አንዱ ነጥብ፣ ክምችት በዛ ማለት ሁሉም ሰው በውስጡ አለ ማለት እንዳልሆነ ነው። እኛ ይህን ለማወቅ ጥናት ማንበብ አላስፈለገንም። ታክሲ አዘዝን።

የመጣልን ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው። «የአዲስ አበባ» ብለን ስንጨምር፣ ግራር ዛፍና የምትጠልቅ ቀይ ፀሐይ ተጨመረ። «ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ» ስንል ሚኒባሱ መጣ፤ መንገዱ ግን ቀይ አቧራ፣ ቤቶቹ የሣር ጎጆ ሆኑ። በአማርኛ ስንጽፍለት ግማሹን ተረድቶ ግማሹን እየገመተ ሌላ ዓለም ያመጣ ስለነበር፣ ልጁ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይጽፍ ጀመር። ታክሲው ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን «ሀ»ም «ለ»ም ያልሆነ፣ እግሩ የበዛ ነፍሳት ነው። ወያላውን ብንጠይቀው ፈገግ ያለ ጎብኚ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተሰጠን። መብራት እየጠፋ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ክፍያው በዶላር ነው። በእጃችን ያለው የባንክ ካርድ ለዚህ ስለማይሠራ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለመንን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ከወጣ ወዲህ፣ እያንዳንዷ ያልተሳካች አህያ ስንት እንደምታስወጣ ልጁ በማስታወሻ ደብተሩ ይመዘግብ ነበር። ሒሳብ ማለት ይህ ነው አልኩት። አልሣቀም።

ከዚያ አንድ ማታ ሳላየው የአባቴን ሸራ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ «እንደዚህ አድርገህ ሥራ» ብሎ ሰጠው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሳጥኑ፣ ወርቅማ ቢጫው፣ ጥቁር ቅርጸ መስመሩ፣ የጣቶቹ ርዝመት፣ ሁሉም! አህያዋ ንግሥተ ሳባን አጅባ የመጣች ይመስል ነበር። ልጁ በደስታ ዘለለ። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ከሸራው ታችኛ ጥግ «ሠዓሊ» የሚል ቃል አለ፤ ከአጠገቡ ያለው ስም በዘመን ብዛት ተልጦ አይነበብም። አባቴ ስሙን ያውቁት ነበር፤ እኔ አልጠየቅኋቸውም። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ያሉት የዚህ ዓይነት ሥዕሎች ፎቶም ብዙው በኢንተርኔት አለ፤ መግለጫው «ኢትዮጵያ፣ የ20ኛው ምዕተ ዓመት» ብሎ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ መሣሪያው እኛን ካወቀን ያወቀን በዚህ በኩል ነው። ድፍኑን ብር የሰጡት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ታክሲው ሄዷል።

እንዲያም ሆኖ ተመልሼ ስቀመጥ አንድ ነገር አየሁ። በኮምፒውተሩ ሥዕል ውስጥ አህያዋም፣ ውሻውም፣ ሂሳብ ያጭበረበረችው ፍየልም፣ ወያላውም፣ ሁሉም ፊት ለፊት፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን ይዘው ያዩኛል። መልኩን ወስዶታል፤ ፍርዱን አላወቀውም። ማን በጎኑ መዞር እንዳለበት የሚነግረው የለም። «ጋሼ፣ እንግዲያው ማንን በአንድ ዓይን እናድርግ?» አለኝ ልጁ። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ የጠየቀኝ የመጀመሪያው የሠዓሊ ጥያቄ ነበር። ፍየሏን አልኩ። እርሱ ወያላውን አለ። ተከራከርን። ፍየሏ ብትበድል አንድ ጊዜ ነው፤ ውሻው ግን እስከ ዛሬ ይሮጣል አለኝ። ተረታሁ።

የመጨረሻው ችግር የተረቱ ልብ ላይ መጣ። ውሻው ብሩን ይሰጣል፤ ወያላው መልሱን አይሰጠውም። ይህችን ሦስት ሴኮንድ መሣሪያው ሊሠራት አልቻለም። «መልስ ሳይሰጠው» ስንለው ይሰጠዋል። «እጁ ባዶ ነው» ስንለው ሁለቱም እጆች ብር ይይዛሉ። አንዴ እንዲያውም ወያላው ጎንበስ ብሎ የታጠፈ ብር በውሻው አፍ አስቀመጠለትና ራሱን ዳበሰው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርን፤ ውሻው አሥራ አንድ ጊዜ መልሱን ተቀበለ! ይህ የእነዚህ መሣሪያዎች የታወቀ ድክመት ነው። የተማሩባቸው መግለጫዎች ሥዕሉ ላይ ያለውን ይናገራሉ እንጂ የሌለውን አይናገሩም፤ ፎቶ አንሥቶ ከሥሩ «መልሱን ያልተቀበለ ውሻ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን አለ? ስለዚህ «የለም» የሚባለውን ቃል ሲሰሙ ከጎኑ ያለውን ስም ይዘው ይሮጣሉ። የአዲስ አበባ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን፣ ተዘርግታ ሳትሞላ የቀረች እጅን፣ አያውቁም።

ልጁ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ከኋላው የታተመበት አንድ ደስጣ ወረቀት አመጣ። መሣሪያው ከሠራቸው ሥዕሎች የተሻለውን አትሞ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈ፤ ባዶውን ወረቀት ደርቦበት፣ ከውጭ በሚመጣው ብርሃን ከሥር ያለውን እያየ በእርሳስ ይሥል ጀመር። ለአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል፣ ለሦስት ሴኮንድ 36። ያቺን በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያለች ትንሽ ልዩነት ፍለጋ ገባ። ውሻው እግሩን ያነሣል። ወያላው፣ አሁን በጎኑ የዞረው፣ በሩን ይስባል። የውሻው ዓይን ከብሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መንገዱ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሥዕሎች አስቀያሚ ነበሩ፤ ውሻው በግ ይመስላል። ሲመሽ መስታወቱ ጨለመ፤ ወንበር አጋድሞ ከሥሩ የስልክ መብራት አድርጎ ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን የውሻው ጆሮ እንዴት እንደሚወድቅ ለማየት የጎረቤታችንን ውሻ ፍለጋ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በስልኩ አንሥቶ አገጣጠማቸው።

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ነው። አብዛኛው የመሣሪያው ሥራ ነው፤ ይህን አልደብቅም፤ ቤቶቹን፣ ዝናቡን፣ የሚኒባሱን ጎማ እኛ በዕድሜያችን አንጨርሰውም ነበር። የታክሲውን ጽሑፍ ልጁ በእጁ ጽፎ ለጠፈበት። በራችን ላይ እንጀራ ለሚሸጡት እናት በስልኩ አሳየናቸው። አህያዋ ስትመጣ ሣቁ፤ ፍየሏ ስትዘል ሣቁ። የውሻው ሦስት ሴኮንድ ላይ፣ መስመሩ ድንገት ተንቀጥቅጦ ቀለሙ ሲሳሳ፣ አልሣቁም። «ወይኔ፣ ይህቺን ሰው ነው የሠራት አይደል?» አሉ። ቀጥለውም መልሱ ስንት ብር እንደነበረ ጠየቁን። አላሰብንበትም ነበር።

ሠላሳ ስድስቱ ወረቀቶች በመሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ልጁ ሊጥላቸው ሲል ነው የተቀበልኩት። ከመጨረሻው ሥር ስምህን ጻፍ አልኩት። እየሣቀ እርሳሱን አነሣ፤ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም አልኩት።